የሼህ ዑመር አውራ ጣት

የመጀመሪያውን የሥራ ቀን የጀመርኩት ራሴን በማበላሸት ነው። ከሚሴ፣ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ የምርጫ አስፈጻሚ የሚሆኑ ሰዎች ፊቴ ተደርድረዋል፤ ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣው። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ያን ቀን አሠልጣኝ ሆኜ ቆምኩ። መራጭ ጣቱን የሚነክርበት የማይለቀው ቀለም ጠርሙስ ክዳን አልከፈት ሲለኝ በጥርሴ ልይዘው አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ከንፈርሽን እንዳትቀቢ! ከዚያ በምን ልታስተምሪን ነው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም እየሳቅኩ፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያቸው ብዬ የግራ አውራ ጣቴን እስከ አንጓው ነከርኩት።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ሴቱ ሁሉ ሂና ሞቆ፣ እጁ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ተቀምጧል። እኔ አንድ ጥቁር አውራ ጣት ይዤ ገባሁ። «ሩቅያ፣ ያንቺ ሂና አረረ እንዴ?» ተባልኩ። በበረኪና አጠብኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ በአመድ አሸሁት፤ ወይ ፍንክች! ከቆዳው ከቀናት በኋላ ለቀቀ። ከጥፍሬ ላይ ግን የሄደው ጥፍሩ አድጎ ስቆርጠው ነው።

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የምርጫ አስፈጻሚዎችን ለሚያሠለጥኑ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በዚህ ዞን ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ፤ ከሰንበቴ እስከ ባቲ፣ መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሲታጣ በባጃጅ። ስለ ሁሉም አላወራም። የማወራው ስለ አንዲት ልጅ ነው፣ ዘይነባ ስለምትባል።

መጀመሪያ ግን ሥራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የተላከልን አስተባባሪ ነበር፤ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ጨዋ ሰው። «ወይዘሮ ሩቅያ፣ መመሪያውን እንዳለ ያንብቡላቸው። እንዳይጨምሩ፣ እንዳይቀንሱ» አለኝ። እሺ አልኩ። አንድ ገጽ አነበብኩ፤ ግማሹ አንቀላፋ። ከዚያ መመሪያውን ዘጋሁና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ እኛ ገበያ ላይ እንደምናወራው አወራሁት። ሰዉ ነቃ፤ ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ።

በእረፍት ሰዓት አስተባባሪው ጠጋ ብሎ፣ «አሁን ምን ነበር ያሉት?» አለኝ።

«መመሪያውን ነዋ!»

«መጽሐፉ ላይ እንደዚያ አይልም።»

«መጽሐፉ እዚህ እኛ ጨፋ ኖሮ አያውቅማ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጣልቃ ገብቶብኝ አያውቅም፣ አላህ ይስጠው።

ጣቢያው ውስጥ ሥራው ሰንሰለት ነው። አንዱ በር ላይ ቆሞ የመራጩን ጣት ያያል፤ ቀለም ያለበት ቀድሞ መርጧልና ይመለሳል። ሁለተኛው ካርዱን ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። ሦስተኛው ቀለም ያስነክራል። ሌላው የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አጥፎ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ሳጥን ጠባቂው አለ። ከሁሉም በላይ የጣቢያ ኃላፊ፣ ግድግዳ ሥር ደግሞ ታዛቢዎችና የፓርቲ ወኪሎች። አንዷ ቀለበት ከላላች ሰንሰለቱ ዋጋ የለውም።

ለልምምድ በሬንና ግመልን ዕጩ አድርገን እናወዳድር ነበር። የጨፋው ሰው በሬን ይመርጣል፣ ከባቲ ወዲያ የመጣው ግመልን። አንዴ በሬ አሸንፎ፣ አንድ የባቲ ሰው «ቆጠራው ይደገም፣ ግመል ተበድሏል!» ብሎ ምሳ አልበላም አለ። ወላሂ፣ ቃለ ጉባኤ አስይዞናል።

የኛ አገር ጥያቄ ግን በሬና ግመል አልነበረም፤ ቀለሙ ነበር። «ዉዱእ ያለው፣ ለሶላት የታጠበ ሰው ይህን ቢቀባ፣ ውሃ ቆዳውን ካልነካ ሶላቱስ?» ይሉኛል። «ሴት አስፈጻሚ የባዳ ወንድ እጅ ልትይዝ ነው?» ይሉኛል። እኔ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ፣ ፈትዋ አልሰጥም። ስለዚህ ሼህ ዑመርን አስጠራሁ።

ሼህ ዑመር አበጋር ነበሩ። አበጋር በእኛ አገር ደም ሲፈስ መሃል ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው ነው። እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ካጋደሙ ዱላ ያነሳ ዱላውን ይጥላል፤ ቆላውም ደጋውም ያከብራቸዋል። መጡ፣ ወንበሩን ትተው ከሰልጣኞቹ መሃል ተቀመጡ፣ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።

«ሂና ውሃ ይከለክላል?» አሉ።

«አይከለክልም» አለ ሰዉ።

«ታዲያ ይህ ምን ይከለክላል? ነክሮ የሚቀር ቀለም ነው እንጂ ቅርፊት የለውም። እጅ መያዙን ደግሞ ተዉት፤ መራጩ ራሱ ይንከረው።» እንዲህ ብለው ዱዓ አደረጉልንና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዞናችን ባሠለጠንኩት ቦታ ሁሉ የማንም ጣት አይያዝም፤ ጠርሙሱ ይቀርባል፣ ባለ ጣቱ ይነክራል።

ዘይነባ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበረች። የጨፋ ልጅ ናት፣ የሼህ ዑመር ጎረቤት። ዲፕሎማዋን ይዛ ሥራ አጥታ እናቷን ማሽላ በማጨድ ስታግዝ የከረመች፣ ቀጭን፣ ድምጿ ግን አዳራሽ የሚሞላ። ጠጥቶ የመጣ ሹም ሆኜ በልምምዱ ላይ እፈትናቸዋለሁ። ስንቱ ጎረምሳ ፊቴ ተርበትብቷል። እሷ ግን ብድግ ብላ፣ «አባቴ፣ ካርድዎን ይዘው ይምጡ፣ በአክብሮት እናስተናግድዎታለን። አሁን ግን በሩ ያ ነው» አለችኝ። ጠጥቼ ብሆን ኖሮ ይበርድልኝ ነበር!

የቀበሌዋ ጣቢያ ኃላፊ ሆነች፤ እዚያ ሴት ኃላፊ ስትሆን የመጀመሪያዋ ናት። አንዳንዱ አጉረመረመ። «ሴት ሳጥን አሽጋ?» አለ። እሷ ግን እየዞረች የየቤቱን ሴቶች አነጋገረች። ኒቃብ ለለበሱት ፊታቸውን የምታይ ሴት አስፈጻሚ በመጋረጃ ከልላ እንደምታስቀምጥ ነገረቻቸው። ዓይነ ስውሩ ያመነውን ሰው ይዞ እንደሚገባ፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ሰልፍ እንደማይጠብቁ አስረዳች። አንድ ቀን ደውላ፣ «ቲቸር፣ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ወሰደች» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ እንባ ነበር። የኔም እንባ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

የምርጫው ቀን እኔ በመኪና ከጣቢያ ጣቢያ የምዞር ደጋፊ ነበርኩ። የዘይነባ ጣቢያ በጠዋት ሳየው ደስ ይል ነበር። ባዶው ሳጥን ለሰው ሁሉ ታይቶ ታሽጓል፣ የሴቱ ሰልፍ ከወንዱ ይረዝማል። «እሰይ የኔ ልጅ» ብያት ወደ ሌላው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷ ነው የነገረችኝ።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ አስፈጻሚዎቹ፣ እንዳሠለጠንኳቸው፣ በየተራ እየወጡ ይሰግዳሉ፤ ሥራው አይቆምም። ቀለም የሚያስነክረው ልጅ ተራው ደርሶ ወጣ። ዘይነባ በሱ ወንበር ተቀመጠች። በዚያች መሃል ሼህ ዑመር ገቡ። ወደ መስጊድ እየሄዱ ነው፤ ያጠቡት ጢማቸው ገና እርጥብ ነው። ሰልፉ ሁሉ ዞር ብሎ አሳለፋቸው፤ አዛውንት ናቸውና ደንብም ነው። ካርዳቸው ተመሳከረ። ወደ ቀለሙ ጠረጴዛ መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የዘይነባ ወንድም በጎረምሳነቱ በግጦሽ ጠብ ሰው ገድሎ ነበር። በማግስቱ የሟች ወገን ቤታቸውን ሊያቃጥል ሲመጣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሼህ ዑመር ናቸው። ደሙን አስታርቀው፣ ካሣውን አስጨርሰው፣ ሁለቱን ቤት አንድ ገበታ ላይ አስቀመጡ። ዘይነባ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ያንን አይታለች።

«እጃቸውን ሲዘረጉ አፌ እምቢ አለኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። «ቀለሙ ሁለት ጊዜ እንዳይመርጡ ነው አይደል? እሳቸውን ‹ይንከሩ› ማለት ‹ሌባ ነዎት› ማለት መሰለኝ። አንቱ ይለፉ አልኳቸው።»

ሼሁ ለእድሜያቸው የተፈቀደ መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፣ መርጠው ወጡ።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ምንም አልነበረም። ግን ከኋላቸው ሌላ ሽማግሌ ነበሩ፣ የሼሁ እኩያ። እሳቸውንስ በምን አፍ ይንከሩ ትበል? አሳለፈቻቸው። ከዚያም ሌላው። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ በር ከከፈቱለት ዘመዶቹን አስከትሎ ይገባል። የቀለሙ ልጅ ሰግዶ እስኪመለስ ብዙ ሽማግሌ ጣቱ ንጹሕ ሆኖ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሼህ ዑመር ተመልሰው መጡ። ዓይነ ስውር እህታቸውን እየመሩ ነበር። እህትዬው «እሱን ነው የማምነው» ስላሉ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት አብረዋቸው ከመከለያው ኋላ ገቡ። ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ጀማል የሚባል የፓርቲ ወኪል ሼሁ ከዘራቸውን የያዙበትን እጅ አየ። ጥፍራቸው ነጭ ነው። በዙህር መርጠዋል፣ አሁን ደግሞ መከለያ ውስጥ ናቸው፣ ቀለም የለም። ብድግ አለ።

ተጠርቼ ስደርስ ጣቢያው ይታመሳል። ጀማልን ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ። «አንተ፣ ሼህ ዑመርን ነው የምትጠረጥረው? አያሳፍርህም?» አልኩት።

«እሳቸውን አልጠረጥርም፣ ቲቸር» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ነገር ግን ንጹሕ ጣት የሳቸው ብቻ አይደለም፤ ደጅ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ጣት አይቻለሁ። የማን የማን እንደሆነ በምን ልለይ? ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባል የለ?»

 ያስተማርኩትን ለራሴ ነው መልሶ የነገረኝ።

ሲቆጠር ወረቀቱና መዝገቡ ልክ መጣ። ቢሆንም ወኪሎቹ አንፈርምም አሉ። አንድ በዕድሜ የገፉ ታዛቢ ዘይነባን ጎትተው፣ «ልጄ፣ ቀለሙ ቀጥኖ ነው፣ ታጥቦ ለቀቀ በይ። ማን ያውቃል? የአገሩ ድምፅ ይድናል» አሏት። ክፋት የላቸውም፣ አዝነውላት ነው። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ወደ እሷ ገፋሁት፤ የጣቢያው ኃላፊ እሷ ናት።

«ዋሽቼ የማድነው ሳጥን ምኑ ይድናል?» አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ የሆነውን ሁሉ በገዛ እጇ ጻፈች፤ ማንን እንዳሳለፈች፣ ለምን እንዳሳለፈች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ አለቀሰች።

ሼህ ዑመር በሳምንቱ ከሚሴ ምርጫ ቢሮ ድረስ መጡ። «የመረጥኩት አንዴ ነው» አሉ፣ ንጹሑን ጣታቸውን አሳይተው። የቢሮው ኃላፊ ተነስቶ ትከሻቸውን ሳመ፣ ወንበሩን ሰጣቸው። «አባባ፣ እርስዎን አምናለሁ። የሌሎቹን ጣት ግን ማን ይመሰክርልኛል?» አላቸው።  ስንቱን ነፍሰ ገዳይ የመለሱ ሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የዚያ ጣቢያ ድምፅ ተሰረዘ፤ ምርጫው በሌላ ቀን ይደገማል ተባለ። ቀኑ ሳይደርስ አገሩ ተረበሸ፣ መንገድ ተዘጋ፤ ድጋሚ ምርጫው ተራዘመ፣ ተራዘመና ቀረ። ያቺ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ያወጣች የዘይነባ እናት፣ በመጋረጃ የገቡት ሴቶች፣ ዓይነ ስውሯ፣ የሁሉም ድምፅ ውሃ በላው።

ሰው ደግሞ ጨካኝ ነው። ሽማግሌዎቹን የሚናገር የለም፣ ጀማልንም የሚናገር የለም። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነው። ሰንበቴ ገበያ ስትወጣ፣ «ድምፃችንን የበላች ያቺ ናት» ይላሉ። ያጉረመረሙት ወንዶች «ሴት ብለን ነበር እኮ» አሉ። ይህ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ። ልጅቱ ገበያ መውጣት ተወች። በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ባቲ አክስቷ ቤት ገባች። ስደውልላት፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች፣ ስልኩን ትዘጋለች።

አንድ ጠዋት ሼህ ዑመር ቤቴ መጡ። ከስተዋል፣ ያስላቸዋል። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ምን ጊዜም ልጄ ነው የሚሉኝ። ተቀመጡና፣ «ያ ቀለም አለሽ?» አሉኝ።

የምርጫው ቀለምማ ተቆጥሮ፣ ታሽጎ ተመልሷል። የልምምዱ ጠርሙስ ግን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣ ከሥሩ ትንሽ ቀርቶት። «አለ፤ ግን ምን ያደርግልዎታል? አሁን ቢነክሩ የሚለወጥ ሕግ የለም» አልኳቸው።

«ሕጉን ልለውጥ አልመጣሁም። ልጅቱን ላስታርቅ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከአገሩ ጋር። ያኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ይለፉ ስትለኝ ሰበሰብኩት። ቀለሙን ያስረዳኋችሁ እኔው፣ ያለ ቀለም ያለፍኩ እኔው። ‹አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው፣ ለኔም አምጪው እንጂ› አላልኳትም። መከበር ጣፈጠኝ።»

ጠርሙሱን አቀረብኩላቸው። በደንቡ መሠረት ራሳቸው ነከሩ።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ከብት ተራው መሃል ቆሙና ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ያ ሁሉ ጫጫታ ቀስ በቀስ በረደ። ጥቁሩን አውራ ጣት ወደ ላይ አነሱ።

«ይህን ያኔ መነከር ነበረብኝ» አሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ልጅቱ አከበረችኝ፤ እኔ ዝም አልኩ። ድምፃችሁን ያስቀረሁት እኔም ነኝ። የምትሰድቡት ሰው ከፈለጋችሁ ይኸው ጣቴ።»

አንዳንዱ መሬት አየ፣ አንዳንዷ አለቀሰች። አንድ የግመል ነጋዴ ግን፣ «ታዲያ ድምፃችን ይመለሳል?» አለ። «አይመለስም» አሉ ሼሁ። ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ማታውን ለዘይነባ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀች። «ለምን ተውሻቸው፣ ቲቸር? ለምን አስቀባሽብኝ?» አለችኝ። ተቆጣችኝ፣ የኔ ልጅ። ግን በሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ አለች፤ መጥቼ ትከሻቸውን እስማለሁ አለች።

አልደረሰችም። ሳሉ ጸናባቸውና ከገበያው ቀን በፊት አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ካጠቧቸው ሰዎች አንዱ የዘይነባ ወንድም ነው፤ ያ ያዳኑት። እሱ ነው የነገረኝ። የቀኝ እጃቸውን አጠብን አለ፣ የግራውን አጠብን፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። ሌላው አጣቢ ደጋግሞ ሲያሸው የዘይነባ ወንድም፣ «ተወው፣ ይዘውት ይሂዱ» ብሎ ከለከለው።

ቀብሩ ላይ ጀማልን አየሁት። አፈር ሲያለብስ ከሁሉ ቀድሞ የነበረ እሱ ነው፤ ላቡና እንባው ተደባልቋል። ያን ቀን ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ያለኝን ተረት አላነሳሁበትም፤ እሱም ሳያስታውሰው አልቀረም።

ዘይነባ ለቅሶ ደረሰች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እኚያ ዓይነ ስውር የሼሁ እህት ድምጿን ሰምተው ጎናቸው አስቀመጧት፣ እጇን ይዘው ውለው አደሩ። እርቁ ሆነ ማለት ነው፤ አስታራቂው ግን አላየውም።

ለሚቀጥለው ሥልጠና አብራኝ እንድታስተምር ለመንኳት። «እኔ ከእንግዲህ ሳጥን አጠገብ አልቆምም፣ ቲቸር። አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ። ያን የመሰለ ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ አላገኘሁም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ነገርኳችሁ። ጠርሙሱን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታቀርቡት አዳራሹ ውስጥ በጣም ለምታከብሩት ሰው ይሁን። እሱ ከነከረ ሌላው ሁሉ እጁን ይዘረጋል።